ጠባቂውን ያነሣ በጠባቂው ቦታ ይቁም



ዛሬ በተሰበሰብንባት በሐርላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮ የግብፅ ሳንቲም፣ የየመንና የቻይና ሸክላ ተገኝቷል። ለሩቅ አገር ዕቃ በሩን የሚከፍት ሁሉ የሚገባውን መመርመር ይኖርበታል። እኔም መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁምና፣ የምናገርበትን ጉዳይ የማየው በዚሁ በበሩ በኩል ነው።

የሰውን በሽታ በእንስሳ የሚያጠኑ ሊቃውንት የበሽታ መከላከያ ኃይል የሌላት አይጥ ይጠቀማሉ። ስለ እንዲህ ያለች አይጥ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ተጻፈ፤ በ1988ም የሰው ነጭ የደም ሕዋሳት ተሰጥተዋት አካሏ ሳይጥላቸው ተቀበለ። ዳሩ ግን ከአይጦቹ አንዳንዶቹን ከሳምንታት በኋላ ሊምፎማ የተባለው ነቀርሳ ያዛቸው። ነቀርሳው ከለጋሹ ሰው ሕዋሳት የተነሣ እንጂ የአይጧ የራሷ አልነበረም።

ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1964 የተገኘው የኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ነው። ከመቶ ዐዋቂዎች ከዘጠና የሚበልጡት ይህን ቫይረስ ቢ በተባሉት ነጭ ሕዋሳት ውስጥ እንደ ተኛ ይዘውት ይኖራሉ። ጤነኛውን ሰው ቲ የተባሉት ሕዋሳት ይጠብቁታል፤ ጥበቃው በላላበት አካል ግን ቫይረሱ ያደረባቸው ሕዋሳት ያለ ልክ ይባዛሉ።

መከላከያው ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ ለጋሹን መርምሮ ከቫይረሱ ነጻ የሆነውን መምረጥ፤ ወይም ከእትብት ደም የተገኙ ግንደ ሕዋሳትን መጠቀም። ሁለተኛ፣ ቢ-ሕዋሳቱን አስቀድሞ መለየት፣ ወይም ሪቱክሲማብ በተባለው መድኃኒት ማጥፋት። ሦስተኛ፣ አይጦቹን እየመዘኑ መከታተል፤ የሞተችም ብትኖር የሞቷን ምክንያት መርምሮ ማወቅ፤ አለዚያ የቫይረሱ ጥፋት በሚፈተነው መድኃኒት ላይ ይላከካል። አሲክሎቪርን የመሰለ መድኃኒት ግን የተኛውን ቫይረስ ስለማይነካ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ነገሩ በአይጥ አያበቃም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው አካሉ እንዳይጥለው የመከላከያ ኃይሉ በመድኃኒት ይቀነሳል፤ ስለዚህም ይኸው ዐይነት ነቀርሳ ሊነሣበት ይችላል። ይልቁንም ቫይረሱ ደርሶበት የማያውቅ ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ ከተሸካሚ ለጋሽ ሲቀበል አደጋው ይበረታል። ለጋሹንና ተቀባዩን አስቀድሞ መመርመር፣ ከዚያም ደሙን መከታተል የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በእኛም ሙያ ለጥገና ሲባል የማሽን መከላከያ የሚነሣበት ጊዜ አለ። መከላከያውን ያነሣ መሐንዲስ ማሽኑን ትቶ አይሄድም፤ እስኪመልሰው ድረስ ራሱ ይጠብቃል። አይጧም፣ ይልቁንም ታማሚው፣ የሚጠይቁን ይህንኑ ነው።