ትንሽ ኮሌጅ ስንት ያወጣል?

(ልደታ፣ አዲስ አበባ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚልክ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ተምሮ ምን ይሆናል?» ብሎ ነው። ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ይሆናል ቢሉት ልቡ ያርፋል። ታሪክን፣ ፍልስፍናን፣ ሥነ ጽሑፍንና የተፈጥሮ ሳይንስን አጣምሮ ለጥቂት ተማሪዎች የሚያስተምር ትንሽ ኮሌጅ ግን እንዲህ ያለ ቁርጥ መልስ የለውም። በአሜሪካ ሊበራል አርትስ የሚሉት ይኸው ነው፤ እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም የክፍያውን ልክ ባዩ ጊዜ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምኑ?» ማለታቸው አያስደንቅም።

ልደታ ይህን ጥያቄ ለማንሣት የማይመች ሰፈር ይመስላል። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ የሚገኘው እዚህ ነው። የሕንፃ ኮሌጅን ጥቅም ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያሻም፤ ምሩቁ የሠራው ቆሞ ይታያል። ይሁን እንጂ አገሪቱ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብላ፣ ገና መሐንዲስና ሐኪም በብርቱ በሚያስፈልጋት ጊዜ፣ ገንዘቧን በሌላው ዓይነት ኮሌጅ ላይ አውጥታ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው የጀዝዊት ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንደሚገልጸው፣ በ33 ተማሪዎች ነበር የጀመረው። መምህራኑ አብዛኞቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ፤ የተማሪዎቹም ትምህርትና ቀለብ በመንግሥት ወጪ ነበር። አብዛኛው ሕፃን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረገጠበት አገር ለ33 ወጣቶች ይህን ያህል ማውጣት የሚያስወቅስ ነው፤ ወቀሳውም ከንቱ አይደለም።

ሆኖም ከዚያ ወጪ የተገኘውን ማየት ይገባል። በኮሌጁ ውስጥ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቋመ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪም የጥንት ሥዕሎችን፣ መስቀሎችንና የባህል ዕቃዎችን ይሰበስቡ ጀመር። ዛሬ ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሥሩ ያ ስብስብ ነው። ሥዕል ይሰብስብልን ብሎ ኮሌጁን ያዘዘ አልነበረም። እንዲሁም በኮሌጅ ቀን በዓል ተማሪዎች ግጥም ያነቡ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» በቀረበ ጊዜ የኮሌጁን ወጪ የሚሸፍነው መንግሥት ራሱ ተወቃሽ ሆኖ ተገኘ። ይህን በገቢ ዓምድ የሚመዘግብ የሒሳብ ሹም በዚያ ዘመን ይገኝ ነበር ለማለት ያስቸግራል! ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም መምህራን ሆነው ሄዱ። ከወጪው ከፊሉ የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው።

የነገሩ ምሥጢር ግን በትምህርቱ ስም ላይ ሳይሆን በተማሪው ቁጥር ላይ ነው። ይህም ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እያንዳንዱን ሰምቶ ያርማል፤ የተበላሸውን ይመልሳል። ተማሪው በቁራሽ ያድራል፤ ወጪውን የሚሸከመው የመንደሩ ሰው ነው። መንደሩ ለቅኔ ሲል ከእንጀራው እየቆረሰ ኖሯል።

አሁን ሒሳቡን በሰዓት ማስላት ይቻላል። አንድን የተማሪ ጽሑፍ በጥንቃቄ አንብቦ ለማረም 20 ደቂቃ ቢፈጅ፣ 20 ተማሪዎች ያሉት መምህር ሥራውን በ7 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ተማሪዎቹ 200 ቢሆኑ ግን ከ66 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል፤ ይህም ለአንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አያርምም፤ ምርጫ የሚከበብበት ፈተና ይሰጣል። የትንሹ ኮሌጅ ውድነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሸጠውም ይኸው የመምህር ሰዓት ነው።

በ1996 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች የነበረው የፍሬሽማን ዓመት ቀረ፤ በዚያው ዓመት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱንም ቢያንስ 15 በመቶ ከምረቃ በኋላ እንዲመልስ የሚያደርገው የወጪ መጋራት ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ ስለ ዋጋ የሚጠይቀው ወላጅ ብቻ አልሆነም፤ ዕዳው የተማሪውም ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሲመለስ ሎጂክና ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂና ጂኦግራፊም አብረው ተመለሱ። መልካም ነው። ነገር ግን እነዚህ ትምህርቶች በተጨናነቀ አዳራሽ ሲሰጡ ስማቸው እንጂ ሥራቸው አይመለስም።

ለሕንፃ ባለሙያ ይህ ምን ይጠቅመዋል የሚል ካለ፣ ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ዙሪያውን ይመልከት። የልደታ ነባር ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፈርሶ በምትኩ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። የምሰሶውን ጭነት ማስላት ከሕንፃ ትምህርት ይገኛል። እድሩ የት ይሰብሰብ? በደጅዋ እንጀራ እየሸጠች ልጆች ያሳደገች ሴት አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ትሸጥ? በርበሬው የት ይሰጣ? እነዚህን አስቀድሞ መጠየቅ ግን ከጭነት ስሌት አይገኝም። ሰው አኗኗሩን እንዲመረምር፣ የመረመረውን ጽፎ እንዲከራከርበት ያደረገው መምህር ሊኖር ይገባል።

እንግዲህ ኮሌጁ ለዋጋው ይበቃል ወይ ቢባል፣ ወላጁ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ? ልጁ በዓመት ስንት ጽሑፍ ጽፎ ታርሞ ይመለስለታል? የሚያርመውስ መምህሩ ራሱ ነው ወይስ ሌላ? መልሱ ጥሩ ከሆነ ዋጋው ውድ ቢሆንም ተገቢ ነው። ተማሪ አጥቶ ትንሽ የሆነ፣ ግን ትልቅ ስም የለጠፈ ኮሌጅ በርካሽም ቢሆን ውድ ነው። ቤቱን አስይዞ ሊበደር የተዘጋጀ አባወራ ግን ልጁን አስቀድሞ ሙያ ቢያስተምር አይነቀፍም፤ ቅኔ ቤቱንም የሠራው መንደሩ እንጂ አንድ ቤተሰብ አልነበረም።

በመሆኑም ለጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ፈቃደኛ አባል እዚሁ ልደታ ካለው ግቢ አምስት ተማሪዎች ይመደቡለት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያውቁት አንድ ሰፈር ይጻፉ፤ አባሉም አንብቦ፣ አርሞ፣ ተማሪውን አስቀምጦ ያነጋግረው። ለአምስት ተማሪዎች ሁለት ጽሑፍ፣ በ20 ደቂቃ ሒሳብ፣ ንባቡ በዓመት ከ4 ሰዓት አያልፍም። የስም መመዝገቢያው በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።