የጓሮ ኩሬያችን አረንጓዴ ሲለብስ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰጠ ገለጻ)



አንዳንዶቻችን «የጓሮ ኩሬዎች ይደፈኑ» እያልን ነው። እውነት ነው፤ እዚህ አሶሳ ዝናቡ በጥቅምት ካቆመ በኋላ ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል፣ ይሸታል፣ የወባ ትንኝ እጭም ይደበቅበታል። ታዲያ ኩሬው ከተደፈነ በጥርና በየካቲት ጎመኑንና የማንጎ ችግኙን በምን እናጠጣለን? መደፈን ያለበት ኩሬው ሳይሆን ቆሻሻ የሚገባበት ቀዳዳ ነው።

ይህ አረንጓዴ ነገር አልጌ ወይም ዋቅላሚ ይባላል። እሱም እንደ ሰብል ምግብ ይፈልጋል። ቀላቢዎቹ ደግሞ እኛው ነን። ከበረት የሚታጠበው እበት፣ ከማሳ የሚወርደው ዩሪያ፣ የልብስ እጣቢ፣ ውስጡ የሚበሰብሰው የማንጎ ቅጠል ሁሉ ቀለቡ ነው። ፀሐይና የቆመ ውሃ ሲያገኝ ወዲያው ይንሰራፋል።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፦

1ኛ/ ከግንቦት ዝናብ በፊት ከኩሬው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንቆፍር። በዳሩ ያለውን ሣር አንንቀል፤ እበቱንና አፈሩን ያጣራልናል።

2ኛ/ እጣቢ ወደ ኩሬው አንድፋ። የረገፈውንም ቅጠል ሳይበሰብስ እንልቀም።

3ኛ/ ክር ክር የሚለውን አልጌ በመንሽ እናውጣ። ዳር ላይ ከተተወ ዝናብ መልሶ ይከተዋል፤ ራቅ አድርገን ከቅጠል ጋር ብስባሽ እናድርገው።

4ኛ/ ቀርከሃው በአገራችን ሞልቷል፤ በከፊል ዳስ እንሥራለት። ፀሐይ ሲቀንስ አልጌውም ይቀንሳል።

5ኛ/ መድኃኒት ገዝተን አንጨምር። አልጌው ባንድ ጊዜ ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን አየር ይጨርሳል፤ ዓሣ ካለ ይሞታል። ምግቡ እዚያው ስለሚቀር አልጌው ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ውሃው ላይ የተደፋ አረንጓዴ ቀለም የሚመስል ከታየ፣ ያ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ መርዝ የሚያመነጭ አለበት። በቆቃ ሐይቅ የታወቀ ችግር ነው። ይህን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም። ልጆች አይዋኙበት፣ ከብት አይጠጣው፣ ጎመንም አይጠጣበት፣ በባዶ እጅም አይነካ። ለጤና ባለሙያ እንናገር።

እንግዲህ ጎርፍ አጥር አያውቅም እኮ። የላይኛው ጓሮ እበት የታችኛውን ኩሬ ያበላሻል። አንዱ ቆፍሮ ሌላው ከተወው ድካሙ ከንቱ ነው። ቦዩን በደቦ እንቆፍረው።