ሰጋቱራው የማን ነው?

(በአንድ የአዲስ አበባ ዕድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል። እኔ ዛሬ የማነሳው በቁማችን ስለሚያቃጥለን ነገር፣ ስለ ማገዶ ነው።

«መብራት ሞልቷል» እንባላለን። የዓባይ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ እሰየው፣ የሕዝብ ላብ ነው! ዳሩ ግን የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። የነዳጅ ድጎማውም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ እየተነሳ ላምባ ከድሃ እጅ ርቋል። ታዲያ ድሃው ምን ያንድድ? ከሰል! ከሰል ደግሞ ጉዱ ብዙ ነው። በባህላዊው አከሳሰል ከ10 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከ1 እስከ 2 ኪሎ ከሰል ብቻ ነው። ሌላው እዚያው ጫካ ውስጥ ጭስ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ መሀል አፍንጫችን ሥር ሀብት ይባክናል። ጣውላ መሰንጠቂያ ከገባ ግንድ ውስጥ ጣውላ የሚሆነው ግማሽ ያህሉ ነው። የቀረው ልጣጭ፣ ፍላጭና ሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራው ተከምሮ ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ አለዚያም ወንዝ ዳር ይደፋል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

«ሰጋቱራማ ድሮም እናነድ ነበር» የምትሉ እናቶች አላችሁ። እውነት ነው። ጣሳ ግርጌው ላይ ይበሳል፤ መሀሉ ላይ ጠርሙስ ይቆማል፤ በቀዳዳው በኩል ዱላ ይገባል፤ ደረቅ ሰጋቱራ ይጠቀጠቅና ጠርሙሱና ዱላው ይነቀላሉ። ከታች ሲለኮስ ከመሀል ወደ ዳር እየበላ ለሰዓታት ይነዳል። ችግሩ ክረምት ሲገባ ነው። እርጥብ ሰጋቱራ ጭስ እንጂ እሳት የለውም።

መላው መጭመቅ ነው። ሰጋቱራ ከተዘፈዘፈ አሮጌ ወረቀት ጋር ይቦካል፤ በእጅ መጭመቂያ ውሃው ይጨመቃል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ብሪኬት የሚባለው ማገዶ ይሄ ነው። መጭመቂያውን የሰፈራችን ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል። በበጋ ተሠርቶ ለክረምት ይቀመጣል።

ሁለት ነገር አደራ! የኤምዲኤፍና የቺፕውድ ብናኝ ሙጫ ስላለበት ጭሱ መርዝ ነው፤ ቀለም የተቀባም እንጨት እንደዚያው። ከንጹሕ እንጨት ጋር ፈጽሞ እንዳይቀላቀል። ደግሞም ሰጋቱራም ሆነ ከሰል ቤት ዘግቶ ማንደድ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለመሆኑ ሰጋቱራው የማን ነው? ዛሬ ባለቤቱ ራሱ አንሺ ያጣለት ጥራጊ ነው። ነገ ገንዘብ እንደሚያወጣ ሲሰማ ግን ባለሀብቱ በኩንታል ይመዝነዋል፤ ደላላው መሀል ይገባል፤ ወረዳውም ግብሩን ይዞ ይመጣል። ያኔ የድሃው ማገዶ ከከሰል እኩል ዋጋ ይወጣለትና እኛ ዳር ቆመን እናያለን። በዚህ አገር ስንቱ ነገር እንዲህ አልሆነም?

ስለዚህ ቀድመን እንዋዋል። አንደኛ፣ ዕድሩ በአካባቢያችን ካሉት ጣውላ ቤቶች ጋር ቢያንስ የዓመት ውል በጽሑፍ ይፈራረም። እነሱ ጥራጊ ይነሳላቸዋል፤ እኛ ማገዶ እናገኛለን። ሁለተኛ፣ የሚሠሩት ከእንጦጦ ወገባቸው ጎብጦ እንጨት የሚያወርዱት እናቶች ይሁኑ፤ ደመወዛቸውም ከሽያጩ ይከፈል። ሦስተኛ፣ ዋጋው ከመጓጓዣና ከሠራተኛ ወጪ እንዳያልፍ ደንብ ይውጣ፤ ሒሳቡም በየወሩ በአባላት ፊት ይነበብ። ከወረዳው የምንለምነው ብር አይደለም። ማድረቂያ የሚሆን ባዶ ቦታ ይስጠን፤ ሳንጀምር ደግሞ አያስቁመን። በቃ!

ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ጸሐፊው ሁሉ አለን። የጎደለን ውሳኔ ብቻ ነው። ዳኛችን ሐሳቡን ለድምፅ ያቅርቡልን፤ የምትደግፉም እጃችሁን አውጡ።