ሳይፈተን የታመነ መድኃኒት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፎቶግራፍ ክበብ ስም የተነገረ ንግግር)



 የምንናገረው ስለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን በዚሁ ትንሽ ነገር ምክንያት አንድ ወንድማችንን ያለ ጥፋቱ ስለ ወቀስነው፣ ታሪኩን ሳንደብቅ ልንነግራችሁ ቆርጠን መጥተናል።

ሰው ሁሉ በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ በሚያነሣበት በዛሬው ዘመን በፊልም የምንደክመው ስለ ምን እንደ ሆነ ብዙዎች ይጠይቁናል። መልሳችን አጭር ነው። ስልክ ሥራውን ደብቆ ይሠራል፤ ፊልም ግን ከመጽሐፍ የተማርነውን ኬሚስትሪ በገዛ እጃችን ያሠራናል።

ባለፈው ዓመት ለፊቼ ጨምበላላ በዓል ወደ ጉዱማሌ ወረድን። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን በዚያ በሐይቁ ዳር ተሰብስቦ እንደሚያከብር፣ በዓሉም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ እንደ ገባ ታውቃላችሁ። ጓደኛችን የቄጣላውን ጭፈራና በአንድነት የተቀመጡ አምስት ሽማግሌዎችን አነሣ። ሽማግሌዎቹም መርቀውን፣ እኛም ፎቶግራፉን እናመጣላችኋለን ብለን ቃል ገብተን ተለያየን።

በማግሥቱ በጨለማ ክፍላችን ፊልሙን አጠብን። ከውሃው ስናወጣው ግን እንደ መስኮት መስተዋት ጥርት ያለ ነበር። አንድም ሥዕል አልነበረበትም። ያን ጊዜ ሁላችን በአንድ አፍ ያንን ጓደኛችንን ወቀስነው። «መክደኛውን ሳታነሣ ነው ያነሣኸው፤ ፊልሙንም በደንብ አላጎረስከውም» አልነው። እርሱም ቢምል የሚሰማው አላገኘምና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

በሳምንቱ ፊልሙን ይዘን፣ በከተማችን ለብዙ ዘመን ፎቶግራፍ ቤት ወደ ነበራቸው አንድ አባት ሄድን። እርሳቸውም ወደ ብርሃን አንሥተው አዩትና «ልጆቼ፣ በጠርዙ ላይ ያሉት ቁጥሮች የታሉ?» አሉን። እኛም ዝም አልን። «እነዚያን ቁጥሮች ፋብሪካው ነው በብርሃን የሚያትማቸው። የጠፋው ሥዕሉ ብቻ ቢሆን ጥፋቱ የካሜራው ወይም ያንሺው ነው። ቁጥሮቹም አብረው ከጠፉ ግን የሞተው መድኃኒታችሁ ነው» አሉን። በዚያ ሰዓት የተሰማንን እፍረት ለመናገር ቃል የለንም።

ከዚያ በኋላ ምክንያቱን መመርመር ጀመርን። ፊልም የብር ጨው የተቀባበት ነው። ብርሃን የነካውን የብር ጨው ማጠቢያው ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል፤ ቀጥሎም ፊክሰር የሚባለው መድኃኒት ብርሃን ያልነካውን አሟሙቶ ያወጣል። ማጠቢያው ከሞተ ጥቁር የሚሆን ነገር የለም፤ ፊክሰሩም ሁሉንም ጠርጎ ይወስዳል። ባዶ ፊልም የምናየው ስለዚህ ነው።

የማጠቢያው ትልቅ ጠላት አየር ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው ዲ-76 የተባለው ስመ ጥር ማጠቢያ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ግራም ሜቶል፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 2 ግራም ቦራክስና 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት አለው። ሰልፋይቱ ያን ያህል የበዛበት አንዱ ምክንያት ማጠቢያውን ከአየር እንዲጠብቅ ነው። እንዲህ ያለው ማጠቢያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ይጠቁራልና ዓይን ያስጠነቅቃል። በቫይታሚን ሲ የሚሠራው ዓይነት ግን ሞቶም ጥርት እንዳለ ሊቆይ ይችላል። በውሃ ውስጥ ያለ ጥቂት የብረት ወይም የመዳብ ርዝራዥም መበላሸቱን ያፋጥነዋል። የኛ ማጠቢያ ይኸው ዓይነት ነበረ። ከዛገ በርሜል በተቀዳ ውሃ በጥብጠነው፣ በጎደለ ጠርሙስም ሦስት ወር አስቀምጠነው ነበርና ጥፋቱ የራሳችን ነው። መልኩ ንጹሕ ስለ ሆነ ብቻ አመንነው። አያንቶዎቹ ከዋክብትን ሳይመለከቱ የበዓሉን ቀን አይናገሩም፤ እኛ ግን በዚያው በዓል የተነሣውን ፊልም ሳንፈትን ነከርነው።

አሁን በክበባችን የጸና ደንብ አለ። አንደኛ፣ መድኃኒቱን አፍልተን ባቀዘቀዝነው ወይም በተጣራ ውሃ እንበጠብጣለን፤ እስከ አፉ በተሞሉና በደንብ በተከደኑ ትንንሽ ጠርሙሶች እናስቀምጣለን፤ የተበጠበጠበትንም ቀን እንጽፍበታለን።

ሁለተኛ፣ ፊልም ከማጠባችን በፊት ከፊልም ጫፍ ቁራጭ ቆርጠን፣ በብርሃን ፊት፣ 20 ዲግሪ በሆነው ማጠቢያ ውስጥ እኩሌታውን እንነክራለን። የነከርነው ወገን ካልጠቆረ ማጠቢያው ይደፋል። ነገር ግን ይህ ፈተና የሞተውን እንጂ የደከመውን ሁልጊዜ አያጋልጥም። ቁራጩ ብዙ ብርሃን ስለ ጠጣ በደካማ ማጠቢያም ቀስ ብሎ ይጠቁራልና። ስለዚህ ማጠቢያው አዲስ ሳለ የተነከረ ቁራጭ ለምስክር አስቀምጠን፣ ሰዓት ይዘን እናስተያያለን።

ሦስተኛ፣ ሌላ ቁራጭ በፊክሰር ነክረን በስንት ደቂቃ ጥርት እንደሚል እንቆጥራለን፤ ፊልሙንም የዚያን እጥፍ እናቆየዋለን።

በአሜሪካ የሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ከመምህራቸው ጋር በቡናና በልብስ ማጠቢያ ሶዳ ፊልም እንዳጠቡ ስናነብ፣ የቡና አገር ልጆች ነንና እጅግ ደስ አለን። ይሁን እንጂ ቡናው እንደ ዓይነቱና እንደ አቆላሉ ኃይሉ ይለያያልና፣ እርሱም ቢሆን ሳይፈተን አይታመንም።

ዘንድሮ እንደ ገና ወደ ጉዱማሌ ወረድን። ካሜራውን የያዘው ያው የወቀስነው ጓደኛችን ነበር። በሁላችን ፊት ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ ዛሬም በእናንተ ፊት እንጠይቀዋለን። ፊልሙ መልካም ሆኖ ወጣ፤ ፎቶግራፉንም ለሽማግሌዎቹ አደረስን። ነገር ግን በዚህ ዓመት የተቀመጡት አራት ነበሩ። የአምስተኛው አባት ልጅ መጥቶ «ያምናው የታለ?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ የምንመልሰው አጣን።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ይህን ክፍል ከእኛ የምትረከቡ ሁሉ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት የፊልሙን ጠርዝ ተመልከቱ፤ ከመንከራችሁም በፊት ቁራጯን ፈትኑ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።