ከዳገቱ እስከ ኮራሉ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



የመሐንዲስ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከካርታ ነው። በካርታ ላይ ተራራ የከፍታ መስመሮች ክምችት፣ ወንዝ ሰማያዊ ክር፣ ባሕር ደግሞ የወረቀቱ ጠርዝ ሆኖ ይታያል። ከጠርዙ ወዲያ የሚሆነውን መጠየቅ የሥራው ውል አያስገድድም። በእግሩ የሚጓዝ ሰው ግን ተራራውን፣ ወንዙንና ባሕሩን ተራ በተራ በገዛ ጉልበቱ ስለሚያገኛቸው፣ በወረቀት ላይ ተለያይተው የቆሙት ነገሮች በምድር ላይ የተሳሰሩ መሆናቸውን ሳይወድ በግድ ይማራል። ይህ ንግግር የሚመለከተው ይህንኑ ትምህርት አጉልቶ የሚያሳይ አንድ ሥፍራ ነው፤ ይኸውም በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ፣ በክዊንስላንድ ግዛት፣ ከኬርንስ ከተማ እስከ ኬፕ ትሪቡሌሽን፣ ከዚያም አልፎ እስከ ብሉምፊልድ ወንዝ የሚዘልቀው የባሕር ጠረፍ ነው። በንግግሩ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጠረፍ ከሚመጡት መንገደኞች መካከል ብዙዎቹ ድንኳናቸውን፣ ልብሳቸውንና የጥቂት ቀን ስንቃቸውን በጀርባ ሻንጣ ተሸክመው የሚጓዙ ወጣቶች ናቸው። የሚመረጠውም ጊዜ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ያለው ደረቅ ወራት ነው። መንገደኛው ከኬርንስ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲያመራ በመጀመሪያ የሚያገኘው በተራራውና በባሕሩ መካከል ተጣብቆ የሚሄደውን የጠረፍ አውራ ጎዳና ነው። ይህ መንገድ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ባጡ ሰዎች ጉልበት ተሠርቶ በ1933 ተከፍቷል። ከፖርት ዳግላስ መገንጠያ ወዲያ ምድሩ ይለጥና ሞስማን በምትባለው ከተማ ዙሪያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሸንኮራ አገዳ ሲለማበት የኖረ ሜዳ ይመጣል። ከኬርንስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዴይንትሪ ወንዝ ይደርሳል፤ እዚያም መንገዱ በውኃ ይቋረጣል።

በዴይንትሪ ወንዝ ታችኛው መሻገሪያ ላይ ድልድይ የለም። ተሽከርካሪውም እግረኛውም የሚሻገረው በብረት ገመድ እየተሳበ በሚመላለስ ጀልባ ነው። ድልድይ ይሠራ የሚለው ሐሳብ በተለያየ ጊዜ እየተነሣ ሲያከራክር ኖሯል፤ ወንዙ ግን ለድልድይ የሚያስቸግር ሆኖ አይደለም። ጀልባው በአንድ ጊዜ የሚያሻግረው የተሽከርካሪ ቍጥር የተወሰነ በመሆኑ፣ ወደ ሰሜኑ ደን የሚገባውን ሰውና ጭነት የሚመጥን ጠባብ በር ሆኖ ያገለግላል። መሐንዲስ አዘውትሮ የሚጠየቀው አቅምን እንዲጨምር ነው፤ እዚህ ግን አቅምን ወስኖ መያዝ ራሱ አንድ የንድፍ ውሳኔ ሊሆን እንደሚችል ይታያል።

ከወንዙ ማዶ ብርሃኑም አየሩም ይለወጣል። ዛፎቹ ከላይ ተጋጥመው ሰማዩን ይሸፍኑታል፤ ሐረጉ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይሳባል፤ የግንዶቹም ሥር እንደ ግንብ ድጋፍ በየአቅጣጫው ተዘርግቶ ይቆማል። በዚህ ጠረፍ በዓመት በአማካይ ከ3 ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባሉት ጥቂት ወራት ነው። እንዲህ ያለ ዝናብ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ያለ ከልካይ ቢወርድ አፈሩን ጠርጎ ለመውሰድ ብዙ ዘመን አያስፈልገውም ነበር። ደኑ ግን ይህን ኀይል ደረጃ በደረጃ ያበርደዋል። ጠብታው በመጀመሪያ የላይኛውን ቅጠል ይመታል፤ ከዚያም ወደ ታችኛው ቅጠልና ወደ ግንዱ ይተላለፋል፤ ምድር ሲደርስም በረገፈው ቅጠል ምንጣፍ ላይ ያርፍና በሥሩ መረብ መካከል ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ስለዚህ ዝናቡ በርትቶ ካልቆየ በቀር ከደኑ የሚወጣው ጅረት ጠጠሩ እስኪታይ ድረስ የጠራ ነው። በባለሙያ ዐይን ሲታይ ይህ ደን ማንም ያልነደፈው፣ ግን በተፈጥሮ ተሠርቶ ያለቀ የውኃ ማፋሰሻ ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱን የሚጠብቁት ሕያዋን ፍጥረታትም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ካሶዋሪ የሚባለው መብረር የማይችል ታላቅ ወፍ የወደቀውን ፍሬ ሳያኝክ ይውጣል፤ ዘሩንም ራቅ ወዳለ ሥፍራ ወስዶ ከኩሱ ጋር ይጥለዋል። ፍሬያቸው እጅግ ትልቅ የሆነ ዛፎች ዘራቸውን ለማሰራጨት በእርሱ ላይ ይመካሉ። ኢዲዮስፐርመም የሚባለው ከጥንታውያን የአበባ ተክሎች ወገን የሆነ ዛፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሳይንስ ሰዎች ዘንድ ከታወቀ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይታይ ቀርቶ ነበር። እንደገና የተገኘው በ1971 በዴይንትሪ አካባቢ ከብቶች ተመርዘው ሲሞቱና ዘሩ በሆዳቸው ውስጥ ሲታይ ነው። ሰው ሊመነጥረው በተሰናዳው ደን ውስጥ ምን እንዳለ ገና ቈጥሮ አለመጨረሱን ይህ ብቻ ያስረዳል።

ደኑ የሚያበቃው በአሸዋው ላይ ነው። በአንዳንድ ሥፍራ የዛፉ ቅርንጫፍ ከማዕበሉ በላይ አጎንብሶ ይታያል። ሆኖም ዳርቻው ያማረ ቢሆንም ገር አይደለም። በወንዞቹ አፍና በባሕሩ ዳር ታላላቅ አዞዎች ይኖራሉ፤ በሞቃቱ ወራትም ኀይለኛ መርዝ ያለው ጄሊፊሽ ወደ ጠረፉ ስለሚቀርብ፣ መንገደኛው ሙቀቱ ቢያስጨንቀውም የማስጠንቀቂያውን ሰሌዳ ሳያነብ ውኃ ውስጥ አይገባም። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ጭቃማ ሥፍራ ደግሞ ማንግሮቭ ይበቅላል። ሥሮቹ ከጭቃው በላይ ተጠላልፈው ስለሚቆሙ የውኃውን ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ፍጥነቱ ሲቀንስም የተሸከመው ደለል እዚያው ይሰፍራል። ማርጃና ዱቡጂ በሚባሉት ሥፍራዎች እግረኛው በማንግሮቩ መካከል የሚያልፈው ከመሬት ከፍ ተደርጎ በቋሚዎች ላይ በተዘረጋ የእንጨት መተላለፊያ ነው። ከሥሩ ውኃው እንደ ቀድሞው ይገባል፣ ይወጣል፤ አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ለሥፍራው ያለውን አክብሮት በግልጽ ያሳያል።

ከአሸዋው ጥቂት እንደ ተራቀ ኮራሉ ይጀምራል። መንገደኛው የመዋኛ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢጓዝ፣ ግሬት ባሪየር ሪፍ ከሚባለው 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ካለው የኮራል ሰንሰለት አንዱን ክፍል ያያል። ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ቢመስልም የጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው፤ የኖራ ድንጋዩን ቤት የሚሠሩትም እነርሱ ናቸው። በሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ አልጌዎች ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያም ለባለቤቱ ያካፍላሉ። ስለዚህ ኮራል የጠራና ብርሃን የሚያልፍበት ውኃ ይፈልጋል። ውኃው ቢደፈርስ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ደለል ቢያርፍበት ራሱን ለማጽዳት ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ዐለቱ በጭቃ ቢሸፈን ደግሞ አዲሱ የኮራል እጭ የሚጣበቅበት ያጣል። እንግዲህ በዳገቱ ላይ የቆመው ዛፍና በባሕሩ ውስጥ ያለው ኮራል፣ አንዱ ሌላውን ሳያየው፣ በአንድ ውኃ ይተዳደራሉ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማየት ማውንት ሶሮው፣ ማለትም የሐዘን ተራራ በሚባለው ላይ የሚወጣውን የእግር መንገድ መያዝ ያስፈልጋል። ደርሶ መልሱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሥርና ድንጋይ እየጨበጡ ወደ 680 ሜትር ከፍታ የሚወጡበት በመሆኑ የሻንጣውን ክብደት ያሳስባል። ከመመልከቻው ላይ ደኑ፣ አሸዋውና ከውኃው በታች ያለው የኮራሉ ጥላ በአንድ እይታ ይጠቃለላሉ። የኬፕ ትሪቡሌሽንም ትርጉም የመከራ ራስ እንደ ማለት ነው፤ የኩኩ ያላንጂ ሕዝብ ግን ከዚያ በፊት ኩልኪ ሲለው ኖሯል። የመከራውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው የመርከብ አዛዥ ጄምስ ኩክ ሲሆን፣ ምክንያቱም መርከቡ ኢንዴቨር በ1770 በጁን ወር በሌሊት ከኮራሉ ጋር በመጋጨቷ ነው። መርከበኞቹ ስድስት መድፎችን ጨምሮ ብዙ ጭነት ወደ ባሕር ጥለው ከዳኑ በኋላ፣ ከቀዳዳዎቹ አንዱን ተሰብሮ የቀረ የኮራል ቁራጭ ደፍኖት ተገኘ። በዚያ ዘመን ኮራሉ ለሰው መከራ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ።

በዲሴምበር 1983 የአካባቢው አስተዳደር ከኬፕ ትሪቡሌሽን እስከ ብሉምፊልድ ወንዝ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ መንገድ በደኑ ውስጥ ለማውጣት ቡልዶዘር አሰማራ። የደጋፊዎቹ ምክንያት በሰሜን ተነጥሎ ለሚኖረው ሕዝብ የጠረፍ መገናኛ ይከፈትለት የሚል ነበር፤ ይህም እንደ ቀላል የሚታይ ምክንያት አይደለም። ተቃዋሚዎቹ ግን በቡልዶዘሩ ፊት ራሳቸውን ከዛፍ ጋር በሰንሰለት አሰሩ፤ አንዳንዶቹም እስከ አንገታቸው ድረስ በአፈር ተቀበሩ። ዝናቡ መጥቶ ሥራውን አቋረጠው፤ በኦገስት 1984 እንደገና ተጀምሮ በኦክቶበር ተጠናቀቀ። መንገዱ አንዳንድ ሥፍራ ላይ ከ20 በመቶ የሚበልጥ ዳገት አለው። ከክርክሩ ሁሉ ለባለሙያ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ እንዲህ ባለ ዳገት ላይ በቡልዶዘር የተቆረጠ አፈር ሦስት ሜትር ዝናብ ሲወርድበት ወዴት ይሄዳል? መልሱን ለማግኘት ብዙ ስሌት አያስፈልግም፤ ከመንገዱ በታች ያለው ማረፊያ ኮራሉ ነው።

ክርክሩ መንገዱን አላስቀረም፤ ነገር ግን ያለ ፍሬ አልቀረም። ግሬት ባሪየር ሪፍ በ1975 በወጣ ሕግ ጥበቃ ተደርጎለት በ1981 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ነበር። ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የሐሩር ደን ደግሞ በ1988 ተመዘገበ፤ ሁለቱ ቅርሶችም በዚህ ጠረፍ ላይ ጎን ለጎን ሆኑ። በ2021 የዴይንትሪ ብሔራዊ ፓርክ ባለቤትነት ለምሥራቅ ኩኩ ያላንጂ ሕዝብ ተመልሷል።

ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን ጋሻ አይሆንም። በዲሴምበር 2023 ጃስፐር የተባለው አውሎ ነፋስ ዉጀል ዉጀል በምትባለው መንደር አቅራቢያ ወደ ምድር ከገባ በኋላ፣ በአንዳንድ ሥፍራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ2 ሜትር በላይ ዝናብ ጣለ። ዳገቶች ተናዱ፤ መንገዶች ተቆረጡ፤ የመንደሪቱም ሰዎች በሄሊኮፕተር ወጡ። ስለ ኮራሉም ቢሆን ሙሉውን ነገር በደለል ማሳበብ እውነትን ማጉደል ይሆናል። የባሕሩ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ኮራሉ አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቀጠለም ይሞታል። በ1998ና በ2002 ከደረሰው ሌላ፣ ሰፊ መንጣት በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022ና በ2024 ተከስቷል። ይህን የትኛውም ቦይ ወይም ከልቨርት አይመልሰውም። ቢሆንም ከሙቀት የተረፈ ኮራል በጠራ ውኃ ውስጥ የማገገም ዕድሉ የበለጠ ነው፤ የመንገድ ሠሪውም ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ መሐንዲስ ደለልን የሚያውቀው ከግድብ ጀርባ ነው። በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ሐይቅ በደለል መያዙን ያላጠና ባለሙያ የለም። በቆቃ ደለሉ ተከማችቶ ስለሚታይ ይለካል፤ በኬፕ ትሪቡሌሽን ግን ከማዕበሉ በታች ስለሚሰወር፣ ሊያየው የሚችለው ፊቱን ውኃ ውስጥ ያስገባ ሰው ብቻ ነው። የአፈሩ ጠባይ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ከዳገት የተነሣ ሁሉ የሚያርፍበት ሥፍራ ይፈልጋል።

እንግዲህ የአንድ መንገድ ሥራ የሚያበቃው የት ነው? በውሉ መሠረት በመንገዱ ትከሻ ላይ ነው፤ በውኃው መሠረት ግን ጠብታው የተሸከመውን አፈር የመጨረሻ ጊዜ በሚያስቀምጥበት ሥፍራ ነው። ንድፍ በሚዘጋጅበት ጊዜ የጥናቱ ወሰን በዚህ ሁለተኛ መሥፈርት ቢከለል፣ የቦዩ አቅጣጫ፣ የተቆረጠው አፈር መድፊያና የሥራው ወራት ሁሉ ሌላ መልክ ይይዛሉ። ለዚህም አዲስ መሣሪያ ከመፈለግ በፊት፣ ንድፍ አውጪው ከመፈረሙ አስቀድሞ ስንቁን ተሸክሞ ከዳገቱ እስከ ውኃው ማረፊያ ድረስ አንድ ጊዜ በእግሩ ቢወርድ መልካም ነው።