የዕርዳታ እህል ጉዞና የባለሙያው ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ስለ ዕርዳታ ሥራ ሲነሣ በሰው ኅሊና ቶሎ የሚመጡት ሰጪውና ተቀባዩ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያሉት ወደብ፣ መጋዘን፣ የጭነት መኪናና ሰነድ እምብዛም አይታሰቡም። ይሁን እንጂ የተለገሰ እህል ሁሉ የተበላ እህል አይደለም። በሩቅ አገር ቃል የተገባው ስንዴ በወሎ ገጠር ከሚኖር ቤተሰብ እጅ እስኪገባ ድረስ ዕጣው ያለው በሎጂስቲክስ ባለሙያው ትከሻ ላይ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም የሙያውን ጠባይ፣ ካለፈው የሚገኘውን ትምህርትና ከአዲስ ተሰላፊዎች የሚጠበቀውን ብቃት በአጭሩ መመርመር ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ሙያው በአንድ ጊዜ የተወለደ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም የምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ለሙከራ ያህል ነበር። በ1962 ኢራን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ ድርጅቱ ገና ሥራውን በወጉ ሳይጀምር 1,500 ቶን ስንዴ፣ 270 ቶን ስኳርና 27 ቶን ሻይ ላከ። ያ ጅምር እየሰፋ ሄዶ ድርጅቱን በ2020 ለኖቤል የሰላም ሽልማት አብቅቶታል። በኢትዮጵያ ደግሞ የወሎው ረሃብ ካስከተለው እልቂት በኋላ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ተመሠረተ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የመጋዘንን፣ የስምሪትንና የወደብን ሥራ የተማሩት በዚሁ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው።

የሙያውን ክብደት በግልጽ የሚያሳየው የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ነው። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሽ አገሮች ባቀረበው ጥሪ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለችግር መጋለጡንና ወደ 900,000 ቶን እህል እንደሚያስፈልግ ገልጾ ነበር። የጠየቀው ግን 450,000 ቶን ብቻ ነው። ምክንያቱም ከዚያ በላይ ቢመጣ በነበሩት ወደቦችና መኪናዎች ማጓጓዝ እንደማይቻል በመታመኑ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የጥያቄው ልክ የተቆረጠው በረሃቡ ሳይሆን በማጓጓዣው ነው። መኪና ባለመኖሩ ከችግሩ ግማሽ ያህሉ ገና ከጥያቄው ደብዳቤ ላይ ቀረ ማለት ነው። ያም ቢሆን በቂ ምላሽ አላገኘም፤ የኮረም መጠለያ ሥዕል ለዓለም በቴሌቪዥን የታየው ከሰባት ወራት ገደማ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ዕርዳታው መጉረፍ ሲጀምር ብዙ ነፍስ አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መርከቦች ወደ አሰብ፣ ወደ ምጽዋና ወደ ጅቡቲ ተመሙ። ይሁን እንጂ አሰብ የተራገፈ እህል በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ለመድረስ የሚጭነው መኪና ይጠብቅ ነበር። ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢታደል፣ ለአንድ ሚሊዮን ሰው 15,000 ቶን ያስፈልጋል። ከነተሳቢው 220 ኩንታል የሚጭን መኪና ይህን ለማድረስ 682 ጊዜ መመላለስ አለበት። መጫኑ፣ ጉዞው፣ ማራገፉና መመለሱ በጠቅላላው 6 ቀን ቢወስድ፣ አንድ መኪና በወር 5 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ 137 መኪናዎች ይበቃሉ። አሁን መኪናዎቹ በየምልልሱ አንዲት ቀን ብቻ፣ በወረፋ፣ በማዘዣ እጦት ወይም በጫኝና አውራጅ ጉድለት ቢቆሙስ? ያንኑ ሥራ ለመሥራት 160 መኪናዎች ይጠይቃል። ተጨማሪ መኪና ካልተገኘ ደግሞ ወደ 140,000 የሚጠጉ ሰዎች የወሩ ራሽናቸው ይቀርባቸዋል። አንዲት ፊርማ ለማግኘት የባከነች ቀን ይህን ያህል ዋጋ አላት።

በዚያው ዘመን የአየር ማጓጓዣም ተሞክሯል። የብሪታንያ አየር ኃይል ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች ከጥቅምት 1977 እስከ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. ከ30,000 ቶን በላይ ጭነት አመላለሱ፤ የጀርመን አውሮፕላኖችም ተሳትፈዋል፤ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ደግሞ እህሉ የሚጣልበትን ሜዳ አስቀድመው እየወረዱ ያመለክቱ ነበር። መኪና በማይወጣበት ደጋ ለነበሩ ሰዎች ይህ ሕይወት አድን ሥራ ነበር፤ ምስጋናውም አይነፈግም። በስሌቱ ሲመዘን ግን፣ ከአንድ ዓመት በላይ የተደከመበት ያ ሁሉ ጭነት፣ በሙሉ እህል ነው ቢባል እንኳ፣ ለአንድ ሚሊዮን ሰው የሁለት ወር ቀለብ ነው። አውሮፕላን የመንገድን ጉድለት ይደግፋል እንጂ መንገድን አይተካም።

እህሉ የሚራገፍበት ቦታም ከብዛቱ ያላነሰ ቁም ነገር ነው። በኮረምና በሌሎች መጠለያዎች የተሰበሰበው ሕዝብ ያለቀው በረሃብ ብቻ አልነበረም፤ በተጨናነቀ ስፍራ የተዛመተው ተላላፊ በሽታም ብዙዎችን ፈጅቷል። ስለሆነም ማደያ ጣቢያ ለገበሬው ቀዬ በቀረበ መጠን፣ ቤተሰብ ሳይፈናቀል፣ በሬው ሳይሸጥ፣ ለዘር የተቀመጠው እህል ሳይበላ ክፉውን ቀን ሊያልፍ ይችላል።

ከዘመን ጋር ችግሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ በአብዛኛው በጅቡቲ ላይ የተመሠረተ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ሲያስፈልገው፣ የስንዴ መርከቦችና የማዳበሪያ መርከቦች በአንድ ወቅት ደርሰው ወደቡ ተጨናነቀ። ስንዴው የዛሬው ረሃብ ማስታገሻ ነው፤ ማዳበሪያው የመጪው መኸር ተስፋ ነው። ማንኛው ይቅደም? ማንኛውም መልስ አንዱን ወገን ይጎዳል። ባለሙያው ማድረግ የሚችለው የመርከቦቹን መምጫ ከወራት በፊት አስቀድሞ ማቀናጀት፣ ይህ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ የእያንዳንዱን ቀን መዘግየት ዋጋ ለወሳኙ ባለሥልጣን በቁጥር ማቅረብ ነው።

ከፍጥነት ቀጥሎ የሚመጣው እምነት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት፣ የዕርዳታ እህል ከታለመለት ሕዝብ ውጭ ውሏል በመባሉ፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና በዚያን ጊዜ የነበረው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት በኢትዮጵያ የምግብ ዕደላን አቋርጠው ነበር፤ ዕደላው ደረጃ በደረጃ የቀጠለው በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል የተጎዳው በማጉደሉ እጁ የሌለበት ምስኪን ነው። ከወደብ የወጣው ጆንያ ቁጥር ከመጋዘን ገቢ ደረሰኝ ጋር፣ የመጋዘኑ ወጪ ከታዳዩ ፊርማ ጋር መመሳከር ያለበት ለዚህ ነው። ያልተመሳከረ ሰነድ በመጨረሻ የሚያስርበው ደካማውን ነው።

ወደዚህ ሙያ የሚገባ ወጣት ከዚህ ሁሉ ምን ሊይዝ ይገባል? በመጀመሪያ ሥራውን ከመጋዘን ይጀምር። ጆንያ እንዴት እንደሚደረደር፣ እህል በእርጥበትና በነቀዝ እንዴት እንደሚበላሽ፣ አስቀድሞ የገባው ለምን አስቀድሞ እንደሚወጣ በእጁ ያላወቀ ሰው፣ በኋላ በጄኔቫም ሆነ በሮም ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የሚያወጣው ዕቅድ መሬት አይነካም። ሁለተኛ፣ ሾፌሩን ያክብር፤ የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ፣ የትኛው ዳገት በክረምት እንደማይወጣ ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነውና። ሦስተኛ፣ ገበያውን ይወቅ፤ ገበሬው በሚወቃበት ሰሞን የሚራገፍ የዕርዳታ እህል ዋጋ አውርዶ የነገውን ተረጂ ሊፈጥር ይችላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ባለሙያው በኢትዮጵያ አገልግሎ በሌላ አገር ሲመደብ ልምዱ አብሮት ይሄዳል፤ በየመጋዘኑና በየወደቡ የተገኘው ዕውቀት ግን በግለሰብ ደብተር ተዘግቶ መቅረት የለበትም። የማኅበሩ አባላት ያለፉባቸውን ምልልሶች፣ የቆሙባቸውን ቀናትና የቆሙበትን ምክንያት በጽሑፍ ቢያኖሩ፣ በሚቀጥለው ድርቅ ጥሪ የሚያዘጋጀው ሰው የረሃቡን ግማሽ ሳይሆን ሙሉውን ለመጠየቅ ይደፍራል።