እንደ የኔታ የሚታገሥ ትምህርት
(በእነዋሪ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአብነት ትምህርት ቤታችን የኔታ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆሙ፣ ልጁ እስኪለየው ድረስ ደጋግመው ያስቆጥሩታል፤ ጓደኛው ቀድሞት ቢያልፍም እርሱን አይተዉትም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች በኮምፒዩተር የሚሰጠው ትምህርትም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። መምህሩ ከአጠገቡ ሳይለይ፣ መሣሪያው ፊደሉን በሥዕልና በድምፅ ያሳየዋል፤ ሲሳሳት ሳይቆጣ ይደግምለታል፤ ሲያውቅም ወደሚቀጥለው ያሻግረዋል።

በራሳችን ፊደል ለእነዚህ ልጆች የሚሆን ዘዴ ማበጀት እንደሚቻልም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ መናገር ለሚቸገሩ ልጆች «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለውን የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል።

ነገር ግን መሣሪያ ከቤት የተደበቀን ልጅ ፈልጎ አያመጣም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ፣ ምክንያቱ የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት አለመሆኑን አስተምሯል፤ እኛስ ስለምን ወላጆችን እናሳፍራለን? ስለዚህ የንስሐ አባቶች ሆይ፣ በየቤቱ ስትገቡ ስለ እነዚህ ልጆች ጠይቁ፤ ሰበካ ጉባኤያትም ወላጆችን ከትምህርት ቤት ጋር ያገናኙ። ኮምፒዩተሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።